አያ ዘነበ የተከሉት ድንጋይ

ድንጋይ ሲመታ ይሸታል። ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። ጥቁር ድንጋይ በብረት ክፉኛ ሲመታ፣ ክብሪት ተጭሮ ወዲያው እንደጠፋ ዓይነት ሽታ ያወጣል፤ ሽታው አፍንጫ ውስጥ ይገባና ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። ባለፈው ኅዳር ደብረ ብርሃን ከምሠራበት ጤና ጣቢያ ወጥቼ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ መንገድ ዳር ወጣቶች ተደርድረው ኮብልስቶን ይጠርባሉ። ሽታው ሲደርሰኝ እግሬ በራሱ ቆመ። አንዱ ልጅ ቀና ብሎ አየኝና፣ "እህት፣ ፍንጣሪው ዓይንሽ እንዳይገባ፣ እለፊ" አለኝ። አላለፍኩም። ከፊቱ ያለውን ድንጋይ አንስቼ አገላብጬ አየሁትና፣ "የዚህ ፊቱ በዚህ በኩል ነው፤ ምን አድርጎህ ነው ከጀርባው የምትደበድበው?" አልኩት። ሁሉም ሳቁብኝ። ነጭ ጋወን በክንዷ ያንጠለጠለች ነርስ ስለ ድንጋይ ፊት ስታስተምር ማን አይስቅም? እኔም አብሬያቸው ሳቅሁና መንገዴን ቀጠልኩ፤ ግን ቤቴ እስክገባ ድረስ አብረውኝ የሄዱት አያ ዘነበ ነበሩ።

አያ ዘነበ የመንዝ ሰው ናቸው፤ ቀየት ከሚባለው ቦታ ብዙም በማይርቀው ሰፈራችን ከእኛ ቤት አንድ አጥር ብቻ ተሻግረው ይኖሩ ነበር። ሥራቸው ግንበኝነት ነው። በእኛ አገር ቤቱም ድንጋይ፣ በረቱም ድንጋይ፣ የማሳው ድንበርም ድንጋይ ስለሆነ፣ ግንበኛ ሥራ አጥቶ አያውቅም። አጭር ናቸው፤ ግን ደረታቸው ሰፊ ነው። የግራ አውራ ጣታቸው ጥፍር የለውም፤ መዶሻ ወስዶት ዳግም አልበቀለም። በርኖሳቸው ትከሻው ላይ በድንጋይ ብናኝ ነጥቶ ስለነበር ከሩቅ ሲመጡ ውርጭ የመታቸው ይመስሉ ነበር። ኪሳቸው ውስጥ በሲባጎ የታሰረች፣ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚለኩባት የእርሳስ ቱንቢ ነበረቻቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ እንኳ ቱንቢዋን ከኪሳቸው አያወጧትም። እትዬ አስካለ፣ ባለቤታቸው፣ "ቅኔ ማሕሌቱ ጎብጦ እንደሆነ ለመለካት ነው" እያሉ ይስቁባቸዋል።

አንድ ክፉ አመል ነበራቸው፤ የፈረሰ ካብ አይተው ማለፍ አይችሉም። መንገድ ሲሄዱ የሰው ድንበር ላይ አንዲት ድንጋይ ወድቃ ካዩ፣ የማንም ይሁን የማን፣ በትራቸውን አስደግፈው ያነሷታል፤ ያገላብጧታል፤ ፊቷን ፈልገው ቦታዋ ላይ ይመልሷታል። አንዷን ሲመልሱ አጠገቧ ያለችው ልቅ ትሆንባቸዋለች። እሷን ሲያጠብቁ ሦስተኛዋን ያያሉ። በዚህ የተነሳ ለሠርግ ሄደው ሙሽሮቹ ከወጡ በኋላ ይደርሳሉ። እትዬ አስካለ ጎረቤት ሰብስበው ሲያወሩ፣ "የኔ ባል እኮ ለቅሶ ሄዶ የሟቹን ግድግዳ ካየ እንባው ይደርቃል" ይሉ ነበር። አያ ዘነበም ሰምተው እንዳልሰሙ ይሆናሉ።

እኛ ልጆች ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደጃቸው ካለው የድንጋይ ክምር ላይ ወጥተን እንቀመጣለን። አያባርሩንም። ይልቁንስ አንድ ድንጋይ ያቀብሉንና "ፊቱን አሳዩኝ" ይላሉ። ድንጋይ ፊት አለው፤ ጀርባ አለው፤ የሚተኛበት ጎንም አለው ነበር የሚሉን። ፊቱን ያላወቀ ግንበኛ ቀኑን ሙሉ ሲደበድበው ውሎ ፍርፋሪ ይዞ ይገባል። እኔ ብዙ ጊዜ እሳሳታለሁ። "ደጊቱ፣ አንቺ ልጅ፣ ይህን ድንጋይ በጀርባው አስተኝተሽ ልትስሚው ነው እንዴ?" ብለው ይስቃሉ፤ ከዚያ እጄን ይዘው መዳፌን በድንጋዩ ላይ ያንሸራትቱታል። የእጃቸው ሻካራነት ከድንጋዩ ብዙ አይለይም ነበር።

አሁን ስለ ትክሎቹ ልንገራችሁ። ከሰፈራችን በላይ፣ ሜዳው አልቆ ገደሉ ከመጀመሩ በፊት፣ ሃያ ምናምን ትልልቅ ድንጋዮች በክብ ተተክለዋል። ቁጥራቸውን አንድ ጊዜም ተስማምተን አናውቅም፤ አንዳንዱ ወድቋል፣ አንዳንዱ ዘሟል፣ አንዳንዱ ተሰብሮ ጉቶው ብቻ ቀርቷል። ማን እንደተከላቸው የሚያውቅ የለም። ግማሹ ሰው ግራኝ ነው ይላል፤ አባቴ ደግሞ ከግራኝም በፊት የነበሩ እጅግ ረጃጅም ሰዎች ናቸው ይል ነበር፤ የኔ አያት ሁለቱንም ሰምተው "ማንም ይሁን፣ ሥራ ፈት ነበር" ብለው ዘጉት። ክቡ ውስጥ ማንም አያርስም። ለምን እንደማያርስ ብትጠይቁ አንዱ ማረሻ ይሰብራል ይላል፤ ሌላው ደስ አይልም ብሎ ዝም ይላል። ነፋሱ ከገደሉ ሽቅብ ሲመጣ በድንጋዮቹ መሐል እያፏጨ ያልፋል። ከሁሉም የሚያምረው በምሥራቅ በኩል ያለው ነበር። ከአንድ ሰው ቁመት ይበልጣል፤ አራቱም ጎኑ የተስተካከለ ነው፤ ነጭና ቢጫ የድንጋይ ሽበት አብቅሎ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ድብብቆሽ ስንጫወት "ቤት" የምንለው እሱን ነበር።

አምስተኛ ክፍል ሆኜ ነው የመንገድ ሥራ ሰዎች የመጡት። በሦስት እግር የሚቆም መነጽር አቁመው እያዩ፣ ጫፉ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል እየመቱ ሜዳውን አቋርጠው ሄዱ። ሰፈሩ በደስታ ጮኸ። መንገድ ማለት ለእኛ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ መሐል ሜዳ ከተማ መድረስ ቀረ ማለት ነው። በማግስቱ ግን ልጆች ትክሎቹ ጋ ሄደን አንዱ ቀይ ችካል ልክ ክቡ መሐል ላይ ተተክሎ አገኘነው። ሮጠን ለአያ ዘነበ ነገርናቸው። በርኖሳቸውን ሳይደርቡ መጡ። ችካሉን ዞረው ዞረው አዩት፤ ከዚያ ቱንቢያቸውን አውጥተው፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ችካሉ ቀጥ ማለቱን ለኩ። ድንጋዮቹ ተፈልጠው ለመንገዱ ጠጠር እንደሚሆኑ የሰማነው በኋላ ነው።

መንገዱን ማንም አልጠላም፤ እሳቸውም አልጠሉም። "መንገዱ ይምጣ፤ እዚህ ጋ ሲደርስ ብቻ ትንሽ ይጠምዘዝ፤ በሬ እንኳ ድንጋይ ሲያይ ይጠመዘዛል" ነበር የሚሉት። ሽማግሌዎቹን ሰብስበው መሐል ሜዳ ወረዳው ቢሮ ድረስ ሦስት ጊዜ በእግራቸው ሄዱ። በሦስተኛው መልስ ተሰጣቸው። ከአዲስ አበባ አጥኚዎች ይመጣሉ፤ ድንጋዮቹ የጥንት መሆናቸው ከተረጋገጠ መንገዱ ዞሮ ያልፋል፤ ካልተረጋገጠ ግን በመሐሉ ያልፋል። አያ ዘነበ ሲመለሱ እግራቸው አብጦ ነበር፤ ፊታቸው ግን ያበራ ነበር። "የጥንት መሆኑን ዓይን ያለው ሰው ያያል" አሉን።

አጥኚዎቹ የበልግ ዝናብ ካቆመ በኋላ መጡ። መሪያቸው ሴት ነበረች፤ ሰፊ ባርኔጣ የምታደርግ፣ ሱሪዋን ጉልበቷ ላይ በጨርቅ ያስጣፈች፤ ሰፈሩ ሁሉ "ዶክተሯ" ነው የሚላት። ሁለት ወጣት ወንዶች፣ አንድ ቶዮታ መኪና፣ ሁለት ድንኳን፣ ብዙ ሲባጎ፣ ወንፊት፣ ብሩሽና ካሜራ። ሜዳውን በሲባጎ እንደ ደብተር ገጽ አሰመሩት። አያ ዘነበ መጀመሪያ ቀን ዶክተሯ ተንበርክካ መሬቱን በብሩሽ ስትጠርግ አዩና፣ "ልጄ፣ ይህ ሁሉ መሬት በብሩሽ እስኪያልቅ ሳትዳሪ ልትቀሪ ነው" አሏት። "ሁለት ልጆች አሉኝ አባባ" አለች። "እነሱንስ በምን ነው የምታጥቢያቸው?" አሏት። ከዚያ ቀን ወዲህ ተወዳጁ።

ትምህርት ቤት ግማሽ ቀን ስለነበር ከሰዓት በኋላውን ሁሉ እዚያ ነበርን። አያ ዘነበ ድንጋዮቹ ከየት እንደመጡ ለዶክተሯ አሳዩአት፤ ከገደሉ ሥር ድንጋዩ በተፈጥሮው እንደ ምሰሶ ተሰንጥቆ የሚቆምበት ቦታ አለ። እንዴት እንደወጣም ነገሯት፤ በጠፍር ታስሮ፣ ከሥሩ ድብልብል እንጨት እየተደረገለት፣ በበሬና በሰው። "ይህን እንዴት አወቁ?" ስትላቸው "ሌላ በምን ይወጣል?" ብለው ዘለሉት። እሷም ጻፈችው። ያን ጊዜ ምንም አልጠረጠርኩም።

ግን ሥራው በተገፋ ቁጥር የዶክተሯ ፊት እየጠቆረ ሄደ። ብዙዎቹ ድንጋዮች ተነቃንቀዋል፤ የወደቀውን ሰው ጎትቶታል፤ ሥሩ በዝናብ ታጥቧል። አንድ ከሰዓት ሻይዋን ይዛ ለአያ ዘነበ ስትነግራቸው ሰማሁ፤ ቢያንስ አንድ ድንጋይ ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ሳይነካ ካላገኘች፣ ክቡ የጥንት ሥራ መሆኑን በእርግጠኝነት መናገር አትችልም። ምናልባት ሰዎች በቅርብ ጊዜ ለበረት የሰበሰቡት ድንጋይ ነው የሚል ሰው ቢመጣ መልስ የላትም። በማግስቱ ወደ ምሥራቁ ድንጋይ ሄደች። ቀኑን ሙሉ ከእሱ አልተለየችም። ለካችው፣ ሣለችው፣ ፎቶ አነሳችው፣ በመጨረሻም በመዳፏ መታ መታ አድርጋ፣ "ይኼ ነው! ይኼ አልተነካም፤ አጠራረቡን እዩ፣ ሽበቱን እዩ" አለች። ወጣቶቹ አጨበጨቡ። እኛም አጨበጨብን። ወሬው እስከ ማታ ሰፈሩን አዳረሰና እናቴ "አያ ዘነበ መንገዱን ጠመዘዙት!" ብላ እልል አለች።

አያ ዘነበ በማግስቱ ትክሎቹ ጋ አልመጡም። በሦስተኛውም ቀን አልመጡም። እትዬ አስካለን ስጠይቃቸው "ሆዱን አሞታል" አሉ፤ ሲናገሩ ግን ዓይኔን አላዩኝም። ወደ ጓሮ ዞርኩ። የድንጋይ ክምራቸው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ መዶሻቸው ጉልበታቸው ላይ ነው፤ አይመቱም። ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸው ሥራ ፈቶ አየሁ።

"ደጊቱ፣" አሉኝ፣ "ፈተና ላይ ከጓደኛሽ ገልብጠሽ ስትጽፊ፣ መምህሩ ሳያውቅ 'ጎበዝ' ብሎ ቢያጨበጭብልሽ ምን ታደርጊያለሽ?"

"ዝም እላለሁ" አልኩ። እውነቴን ነበር፤ አድርጌውም አውቃለሁ።

በጣም ሳቁ። "እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት" አሉና መዶሻቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

ቅዳሜ ጧት ከወረዳው አንድ ሰውዬ መጣ። ኮት ለብሶ ቦቲ ጫማ አድርጓል፤ ቦርሳውን ከብብቱ አያወርድም። የዶክተሯን የመጨረሻ ቃል ሰምቶ ለመንገዱ ሰዎች ሊያሳውቅ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሜዳው ላይ ተሰብስቧል። ዶክተሯ የምሥራቁን ድንጋይ ተደግፋ ቆማ፣ በእሱ ላይ ተመሥርታ ክቡ የጥንት መሆኑን ለመጻፍ እንደወሰነች ስትናገር፣ አያ ዘነበ ሰዉን ለሁለት እየከፈሉ ወደ ፊት መጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ልጄ፣ ያን ድንጋይ የተከልኩት እኔ ነኝ" አሏት።

ሰው ሳቀ። ቀልዳቸው የታወቀ ነውና ሌላ ቀልድ መሰለው። እሳቸው ግን አልሳቁም። "ከሥሩ በደቡብ በኩል ቆፍሪ፤ አንድ ክንድ አይሞላም። የተሰበረ መሮ ታገኛለሽ። ሽብልቅ አጥቼ በእሱ ነው ያጠበቅሁት" አሏት።

ዶክተሯ አንዱን ወጣት አየችው፤ እሱም ተንበርክኮ ቆፈረ። ልጁ ዝገት የበላው አጭር ብረት ይዞ ሲነሳ የአንዲት ሴት "ወይኔ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ እናቴ ነበረች።

ከዚያ አያ ዘነበ ተረኩት። ከሠላሳ ዓመት በፊት ነው፤ ገና ትዳር የያዙ ጎረምሳ ነበሩ። ራቤል ከተማ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሠርተው ከአራት ጓደኞቻቸው ጋር ሲመለሱ በትክሎቹ በኩል አለፉ። በምሥራቅ በኩል ክፍት ነበር። ክፍት ደግሞ እሳቸው ማየት አይችሉም። የወደቀ ድንጋይ መስሏቸው ፈለጉት፤ የለም። በነጋታው ገደሉን ወርደው አንድ ምሰሶ ቆርጠው በሁለት ቀን አወጡት። እንደ ሌሎቹ አድርገው ጠረቡት። አዲስ ጥርብ ከአሮጌው አጠገብ ሲቆም ስላስጠላቸው፣ ሽበት ቶሎ እንዲያበቅል እበትና አጓት ቀቡት፤ ግንበኛ ሁሉ የሚያደርገው ነው። አራቱ ጓደኞቻቸው ሞተዋል። የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች ግንበኛው የወደቀ ድንጋይ እንዳነሳ እንጂ አዲስ አምጥቶ እንደተከለ አያውቁም ነበር። የሚያውቁት እትዬ አስካለ ብቻ ነበሩ።

የወረዳው ሰውዬ ፊቱ ቀላ። "አባቴ፣ እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው አቤት ያሉት? አሁን ራስዎ ያፈርሱታል?" አላቸው።

"አቤት ያልኩት ድንጋዮቹ የጥንት ስለሆኑ ነው" አሉ አያ ዘነበ። "የኔን ድንጋይ ተደግፈው እንዲቆሙ ብዬ አይደለም። የኔ ሲወድቅ አብረው ይወድቃሉ።"

ባርኔጣቸውን አድርገው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሰውም ተበተነ፤ የወረዳው ሰውዬ ሰኞ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። አባቴ ሬዲዮውን ከፍቶ ምንም ሳይሰማ ተቀመጠ። "ምናለ ዝም ቢሉ?" አለ። እኔም ያኔ እንደዚያው ነበር የማስበው፤ ተናድጄባቸው ነበር። "ቤት" የምንለው ድንጋይ ሊፈለጥ ነው፤ ክቡም አብሮ። ሊያድኑት የሄዱት ሰው በገዛ አፋቸው ገደሉት ብዬ አለቀስኩ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዶክተሯ ብቻዋን ወደ አያ ዘነበ ቤት መጣች። እኛ ልጆች አጥሩ ላይ ወጥተን እናያለን። ትቆጣለች ብለን ጠብቀን ነበር። ግን ደጃፉ ላይ ተቀምጣ፣ ማስታወሻ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ "አባባ፣ ያኔ ጉድጓዱን ሲቆፍሩ ምን አገኙ?" አለቻቸው።

በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

"ጠፍጣፋ ድንጋዮች" አሉ። "ተነጥፈው ነበር። ጎን ለጎን፣ ተጋጥመው። ጥሩ ሥራ ነበር፤ ፊታቸው ሁሉ ወደ ላይ። እኔ ምን አውቄ... ነቅዬ ለማጥበቂያ ሰባበርኳቸው። ከሥራቸው ጥቁር አፈር ነበር፤ ከሰል ያለበት።" ድምፃቸው ወረደ። "እንደኔ ያለ ግንበኛ ያነጠፈውን ነው የሰበርኩት።"

ዶክተሯ ደብተሯን ዘጋችና ተነሳች። "አቀማመጣቸውን ያስታውሳሉ?" አለች።

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ምክንያቱም አያ ዘነበ ወዲያው ቀና አሉ። አብረው ወደ ሜዳው ሄዱ፤ እኛም ከኋላ። ድንጋዩ አጠገብ ተንበርክከው ከገብስ ማሳ ዳር ጭራሮ እየለቀሙ መሬት ላይ ደረደሩ። "እዚህ ጋ ትልቋ፤ ይህን ያህል። ከሷ ቀጥሎ ሁለት ትንንሽ። ይህቺኛዋ ጥጓ የተሰነጠቀ ነበር።" አንዱን ጭራሮ አስቀምጠው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ያነሱታል፤ አንድ ጣት ያህል ያስጠጉታል። ግንበኛ ያየውን ድንጋይ አይረሳም ይሉ ነበር፤ እውነት መሆኑን ያኔ አየሁ። ዶክተሯ ጭራሮዎቹን ሁሉ ሣለች። ሲጨርሱ አያ ዘነበ ቆሙና ወደ ክቡ ውጪ እጃቸውን ዘረጉ። "ወደዚያም ይቀጥል ነበር። እኔ የነቀልኩት የጉድጓዴን ያህል ብቻ ነው" አሉ።

ሰኞ የወረዳው ሰውዬ ሲመጣ ድንጋዩ ተነቅሎ ነበር። ለመንቀል የአሥራ ሁለት ሰው ጉልበት ጠይቋል፤ አያ ዘነበ ራሳቸው ናቸው ከፊት ሆነው "ሆ!" ያሉት። ከጉድጓዱ ውጪ፣ እሳቸው ባሉበት በኩል፣ ዶክተሯ በዚያች በሳቁባት ብሩሽ አፈሩን ስትጠርግ፣ ንጣፉ ወጣ። ጠፍጣፋዎቹ ድንጋዮች ጎን ለጎን ተጋጥመው፣ ፊታቸው ሁሉ ወደ ላይ ሆኖ፣ ማንም ሳይነካቸው ተኝተዋል። ከሥራቸው ከሰልና የሸክላ ስባሪ ነበረ። ዕድሜውን በቤተ ሙከራ እስኪመረመር እንደማታውቅ ነገረችን፤ ማን እንደሠራውም ምናልባት መቼም አይታወቅም አለች። የጥንት መሆኑን ግን ፊርማዋን አኖረችበት። "በር ነው" አለች። "የክቡ መግቢያ እዚህ ጋ ነበር።"

አያ ዘነበ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ነበር። "በር!" አሉ። "ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው በር ዘግቼ፣ ጥሩ አድርጌ ዘጋሁት እያልኩ ስኮራ።" ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ከዚያ በፊት ሲያለቅሱ አላየሁም፤ በዚያ ቀን የማዝንላቸውና የምኮራባቸው እኩል ነበር።

ቀያዮቹ ችካሎች ተነቅለው ወደ ላይኛው ሜዳ ተዛወሩ። መንገዱ ዞሮ አለፈ። አያ ዘነበ ድንጋያቸው ይፈለጥ ብለው ነበር፤ ዶክተሯ ከለከለች፤ አሁንም ከክቡ ራቅ ብሎ ሣር ላይ ተጋድሟል። ከዚያ ወዲህ ትንሽ ተለወጡ። የፈረሰ ካብ ሲያዩ አሁንም ይቆማሉ፤ ግን እጃቸውን ከመዘርጋታቸው በፊት የማሳውን ባለቤት ተጣርተው "ይህን አውቀህ ነው የከፈትከው?" ብለው ይጠይቃሉ። ሰው ይስቅባቸዋል፤ እሳቸውም ይስቃሉ።

ዘጠነኛ ክፍል መሐል ሜዳ ስማር ለዕረፍት ወደ ቤት ብመጣ፣ እትዬ አስካለ ከአጥሩ ማዶ ጠሩኝ። በወረዳው በኩል ከዶክተሯ ትልቅ ፖስታ ደርሷል፤ ሁለቱም ማንበብ አይችሉም። ከውስጡ ታጥፎ የተቀመጠ ሰፊ ወረቀት ወጣ። የክቡ ሥዕል ነው፤ እያንዳንዱ ድንጋይ ቁጥር ተሰጥቶታል። በምሥራቅ በኩል ግን የአንድ ድንጋይ ቅርጽ በነጠብጣብ ብቻ ተሥሏል፤ ከሥሩ ጭራሮዎቹ ያሳዩት ንጣፍ አለ። ከገጹ ግርጌ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩላቸው፦ "በነጠብጣብ የተመለከተው ድንጋይ የጥንቱ አይደለም። በአካባቢው ግንበኛ በአቶ ዘነበ የተተከለ ሲሆን፣ ይህንን የነገሩን ራሳቸው ናቸው። የተነቀለው ንጣፍ አቀማመጥ የተሣለው እሳቸው ባስታወሱት መሠረት ነው።"

"ድገሚው" አሉኝ።

ደገምኩት።

"'የነገሩን ራሳቸው ናቸው' ይላል?"

"ይላል።"

"ዕድሜህን ሙሉ ስንት ቤት ሠርተህ፣" አሉ እትዬ አስካለ፣ "ስምህ አንድ ቀን ወረቀት ላይ ቢወጣ በጥፋትህ ወጣ!" አያ ዘነበ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ወረቀቱን ተቀበሉኝ፤ ገልብጠው እንደያዙት ስላየሁ ቀስ ብዬ አቃናሁላቸው። ጥፍር የሌለውን አውራ ጣታቸውን በነጠብጣቡ ላይ አሳለፉ። "ደህና" አሉ። "እንግዲህ ከኔ በኋላ የሚመጣ ሰው በኔ አይሳሳትም።"

ያረፉት እኔ ደብረ ብርሃን የነርስነት ትምህርት ስማር ነው። ክረምት ነበር፤ መኪና ስላጣሁ ለቀብራቸው አልደረስኩም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከደረሰብኝ ሐዘን ሁሉ ደርሼ ሳላለቅስ የቀረሁበት እሱ ብቻ ነው። እትዬ አስካለም ብዙ አልቆዩም።

ከዚያች የኮብልስቶን ቀን ሁለት ሳምንት በኋላ ፈቃድ ወስጄ አገር ቤት ሄድኩ። ወደ ትክሎቹ የወጣሁት ጧት ነው፤ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልረገፈም። ልጆች ሳለን ወደ ክቡ የምንገባው ባገኘነው በኩል ነበር፤ በድንጋዮቹ መሐል እየተሹለከለክን፣ አንዱን ተደግፈን ሌላውን ዘለን። አሁን በምሥራቅ በኩል በዚያ ክፍት የሚያልፍ የእግር መንገድ አለ። ሣሩ ተረግጦ መሬቱ ወጥቷል፤ የሰው ዱካ አለበት፣ የበግ ኮቴም። አጥር የለም፤ ምልክት የለም፤ በዚህ ግቡ ያላቸው ሰው የለም። አንዲት ሴት በጎች እየነዳች ስታልፍ "ለምንድነው ሁሉም በዚህ የሚገባው?" ብዬ ጠየቅኋት። ግራ ተጋብታ አየችኝ።

"በሩ እኮ ነው" አለችኝ።